አደይ አበባን በአትክልት ቦታ ስለ መዝራት

በኢትዮጵያ ምድር ከሚበቅሉት አበቦች ሁሉ እንደ አደይ አበባ የታወቀና የተወደደ የለም፤ ዳሩ ግን እንደ እርሱ ያለ ጠባቂ የተተወም የለም። በልጅነቱ ከሜዳ ያልቀጠፈው፥ በእንቁጣጣሽ ማለዳ ከለምለም ሣር ጋር ታስሮ ሲመጣ ያልተቀበለው፥ በደመራው ጫፍ ላይ ያላየው ማን ነው? ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ እርሱን በእጃቸው ይይዛሉ። ወንዶች ልጆች በወረቀት ሥለው ለጎረቤት የሚያበረክቱትም ብዙ ጊዜ የእርሱን መልክ ነው። እንዲህ የተወደደውን አበባ በአጥርህ ውስጥ ዘርተኸዋልን ተብሎ የባሕር ዳር ሰው ቢጠየቅ ግን፥ «እርሱ የሜዳ ነው፤ ማን ይዘራዋል?» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለአባቶች ይበቃ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነበረና። ለልጆች ግን አይበቃም፤ ስለ ምን እንደማይበቃም ከዚህ በታች ይነገራል።

አስቀድሞ የተክሉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አደይ አበባ ዕድሜው አንድ ዓመት የማይሞላ ተክል ነው። በሰኔ ዝናም ይበቅላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ያድጋል፤ በጳጕሜንና በመስከረም ያብባል፤ በጥቅምት ዘሩን ያበስላል፤ ከዚያ በኋላ ከነሥሩ ይደርቃል። እንደ ጽጌ ረዳ ከርሞ ከግንዱ አያቈጠቍጥም፤ እንደ እንሰትም በአፈር ውስጥ ስንቅ አያከማችም። ለከርሞ የሚያወርሰው ነገር ቢኖር በጥቅምት የሚበትነው ዘር ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሩን ሳይጥል የተነቀለ አደይ አበባ ያለ ወራሽ እንደ ሞተ ሰው ይቈጠራል፤ ቤቱም በዚያው ይዘጋል።

የዕፀዋት ሊቃውንት የሚጠሩበት ስም ቢደንስ ነው። ይህን ስም ለወገኑ ሁሉ የሰጠው ሊኔዎስ የሚባለው የስዊድን ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1753 ነው፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ ሁለት ጥርስ ያለው ማለት ነው፤ የብዙዎቹ ዘር በጫፉ ላይ ሁለት ሹል ጥርስ አለውና። በክረምት መውጫ በሜዳ የሄደ ሰው ልብሱ ላይ ተጣብቆ የሚያገኘው፥ መርፌ የመሰለ ጥቁር ዘር የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። ሕዝቡ አደይ አበባ በሚል አንድ ስም የሚጠራው ግን ከአንድ ዓይነት በላይ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ሊቃውንቱ ቢደንስ ማክሮፕቴራና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ የሚሏቸው ይገኛሉ። ማክሮፕቴራ ማለት ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ይህን ወገን ከብዙ ዘመዶቹ ጋር መርምረው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 በታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ጽፈውታል።

በአበባው መልክ ውስጥም አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው እንደ ወርቅ የሚያበሩት፥ ልጆችም የሚወዷቸው ሰፋፊዎቹ ዘር አያፈሩም፤ ሥራቸው ንብን ከሩቅ መጥራት ነው። ዘር የሚያፈሩት በመካከል የተሰበሰቡት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ እነርሱን ግን ዝቅ ብሎ ካላዩዋቸው በቀር ዓይን አይለያቸውም። ይህን ያወቀ ሰው ሰፋፊዎቹ በረገፉ ጊዜ አበባው አለቀለት ብሎ ተክሉን አይነቅልም፤ ዋናው ሥራ ገና በዚያን ጊዜ ይፈጸማልና።

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ፥ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ የተመሠረተች ከተማ ናት። ከፍታዋም 1,800 ሜትር ያህል ነው። ዝናሟ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፥ ምድሩም እስከ ግንቦት ድረስ እየደረቀ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ አገር ሕይወቱን በክረምት ጀምሮ በመጸው የሚፈጽም፥ በጋውንም በዘርነት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍ ተክል ለአየሩ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። የቧንቧ ውኃ አይሻም። በየካቲትና በመጋቢት፥ ከሩቅ አገር የመጡት አበቦች በባልዲ ውኃ ነፍሳቸው ተይዛ ሳለች፥ የአደይ አበባ ዘር ያለ ምንም ጭንቀት ያርፋል። ይህ ነገር ለባለ ግቢው ገንዘብ ነው፤ ለማድጋ ተሸካሚዋም ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ሜዳው ከአባቶች ዘመን ይልቅ ለምን ጠበበ? አንደኛው ምክንያት ከተማው ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የባሕር ዳር ሕዝብ 96,000 ያህል ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከ155,000 አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ እጅግ ጨምሯል። ሰው ቤት መሥራቱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ቤት የተሠራበት ሜዳ አበባውን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ አይሄድም። ሁለተኛው በእርሻው ነው። ገበሬው በጤፉና በስንዴው ውስጥ ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይረጫል። ይህም መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን ገድሎ የሣር ወገን የሆነውን እህል ይተዋል። አደይ አበባም የሣር ወገን ስላልሆነ፥ ከእርሻው ዳር የቆመው ሁሉ ከአረሙ ጋር ይሞታል። ገበሬው ስለዚህ አይወቀስም፤ ጐተራው እንዲሞላ ይደክማልና። ሆኖም እርሻው ያልቻለውን የከተማው አጥር ሊችለው ይገባል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ነው፤ የሚመጣው ከፍቅር ነውና። እንቁጣጣሽ በቀረበ ጊዜ ልጆችና ነጋዴዎች ወደ ሜዳ ይወጣሉ። የሚቸኵል እጅ አበባውን አይቀጥፍም፥ ይነቅላል። ክረምት ያራሰው አፈር ልል ስለ ሆነ ተክሉ ከነሥሩ በቀላሉ ይወጣል፤ በገበያም ከሣሩ ጋር በእቅፍ ይሸጣል፤ በበዓሉ ማግሥት ከግቢ ውጭ ይጣላል። ቀኑን ልብ ማለት ነው። በመስከረም 1 ቀን አበባው ፈክቷል እንጂ ዘሩ አልበሰለም። ደመራ በሚደመርበት በመስከረም 16 ቀንም ገና ነው። ሰው ሁሉ አበባውን የሚሻው ተክሉ ልጅ ሳይወልድ ባለበት ወራት ውስጥ ነው ማለት ነው። ሜዳው ሰፊ ሳለ ይህ ጉዳት አይታወቅም ነበር፤ መቶ ቢነቀል አሥር ሺህ ይቀር ነበርና። በከተማው ዳር የቀረችው ትንሽ ሜዳ ግን በአንድ የበዓል ዋዜማ ትራቈታለች፤ በሁለተኛው ዓመት ይሳሳባታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም «ዱሮ እዚህ አደይ አበባ ነበረ» ይባልባታል።

ልጆችን አትቅጠፉ ማለት ግን ከንቱ ምክር ነው፤ መልካምም አይደለም። አበባ የማይቀጥፍ ልጅ አበባን አያፈቅርም፤ ያላፈቀረውንም አድጎ አይጠብቅም። የሚገባው አቀጣጠፉን ማስተማር ነው። ግንዱን በግራ እጅ ይዞ፥ ከቅርንጫፉ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል በቀኝ እጅ ጥፍር ወይም በምላጭ መቍረጥ ነው። ሥሩ በአፈር የቀረለት ተክል ከተቈረጠው በታች ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ ዳግመኛ ሊያብብ ይችላል። በዚህ ዓይነት ልጁም በዓሉን ያከብራል፥ ሜዳውም ወራሽ አያጣም። በገበያ የምትገዛ እናትም ሥሩ የተንጠለጠለበትን እቅፍ ትታ በቅርንጫፍ የተቈረጠውን ብትመርጥ፥ ሻጩ ያለ ብዙ ስብከት ይማራል።

ወደ አትክልት ቦታው ነገር እንመለስ። አደይ አበባን በግቢ የሚቃወም ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ነገር አረም ነው የሚል ነው። እንደዚህ እንበል። በሐይቁ አጠገብ ግቢ ያላት አንዲት ወይዘሮ በሐምሌ ወር ጓሮዋን የሚያጸዳላት ጐልማሳ ትቀጥራለች። እርሱም ዶማውን ይዞ፥ «እትዬ፥ ይህን አረም ልንቀልልዎ?» ይላታል። እርስዋም ሳታየው፥ «ንቀለው ልጄ፤ በስፍራው ጽጌ ረዳ አስተክልበታለሁ» ትላለች። በመስከረም ጽጌ ረዳው ገና ሥር ሲሰድ፥ እርስዋ አደይ አበባ ለመግዛት ወደ ገበያ ልጅ ትልካለች። በገዛ ደጅዋ በነፃ የበቀለውን አስነቅላ ከሰው ሜዳ የተነቀለውን በገንዘብ ትገዛለች። ይህ ነገር ሲነገር ያስቃል፤ ነገር ግን በስንት ግቢ በየዓመቱ ይደረጋል! አረም ማለት በማይፈለግበት ስፍራ የበቀለ ተክል ነው። በጤፍ መካከል የበቀለ አደይ አበባ አረም መሆኑን ማንም አይክድም። በደጃፍ የቆመው ግን አረም የሚሆነው ባለ ቤቱ ስላላወቀው ነው።

ሌላው ተቃውሞ፥ «የጥቂት ሳምንት አበባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደረቅ አገዳ ሆኖ ግቢ ያበላሻል» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በጥቅምት መጨረሻ አደይ አበባ አያምርም። ዓመቱን ሙሉ አበባ የሚሻ ሰው በአደይ ብቻ አይጠግብም፤ ከእርሱ ጋር ሌላም መትከል ይገባዋል። ሆኖም ተናጋሪው የረሳው ነገር አለ። ያ ጥቂት ሳምንት ሕዝቡ ሁሉ የሚጠብቀው ጊዜ ነው። ለዘወትር የሚያብብ አበባ ቢገኝ ማን በመስከረም ጧት ይደነቅበት ነበር? በቤተ ክርስቲያንም አቈጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ ማኅሌተ ጽጌም በዚያን ጊዜ ይቆማል። አደይ አበባ ከአበባነት ወደ ዘርነት የሚሻገረው በዚህ ወራት ውስጥ ነው።

ከሩቅ አገር ስለ መጡት አበቦችም ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም፤ የጣና ዳርቻ ሰው ከዚህ ነገር ብዙ ተምሯልና። እንቦጭ የሚባለው የውኃ ተክል አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ሐምራዊ፥ እጅግም ያማረ ነው። ሰዎች ለገንዳና ለኩሬ ጌጥ ይሆናል እያሉ ወደ ብዙ አገር ወሰዱት። በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ውኃውን ሸፍኖ ለታንኳው መንገድ፥ ለዓሣውም አየር ይነሣል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይነሣል። በደንቢያና በፎገራ ያሉት ገበሬዎች እርሻቸውን ትተው በውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት ስንት ቀን ዋሉ! ሐይቁና ዙሪያው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ከሚጠበቁት የዓለም ስፍራዎች ጋር ተቈጠረ፤ እንቦጩ ግን መዝገብ አያነብም። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ቍጥቋጦ ከአሜሪካ ለአጥርና ለጌጥ የመጣ ነበር፤ አሁን በብዙ የኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ግጦሹን ወርሶታል።

ይህን የሰማ ሰው የውጭ ተክል ሁሉ ክፉ ነው ብሎ እንዳይፈርድ። በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በቆሎና ድንችም እንዲሁ፤ ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ የሚሠራ ቤት የለም። በባሕር ዳር ጐዳናዎች ላይ ሐምራዊ አበባውን የሚያነጥፈው ጃካራንዳም ከዚያው ክፍለ ዓለም የመጣ እንግዳ ነው፤ ማንንም አላስቀየመም። ነገሩ እንግዳን መጥላት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ከወዴት መጣህ፥ ጠባይህስ ምንድር ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ባለ ቤቱን ግን ከቤቱ አስወጥቶ ለእንግዳ አልጋ መዘርጋት የትኛውም የአገር ልማድ አያዝም። በግቢው ውስጥ ሃያ ዓይነት የውጭ አበባ ያለው፥ አንድም የአገሩን አበባ ያልተከለ ሰው እንዲህ አድርጓል።

አደይ አበባ ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ንብ አንቢ ያውቃል። በጐጃምና በጐንደር ማር በብዛት የሚቈረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ያንን ማር ከሚሰጡት አበቦች መካከል አደይ፥ መጭና ኑግ ዋናዎቹ ናቸው። ሦስቱም የአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ኑግ ደግሞ ዘር ለመያዝ ከሌላ ኑግ የመጣ የአበባ ዱቄት ይሻል፤ ያንንም የሚያመላልሱለት ንቦች ናቸው። አደይ አበባ ቀድሞ አብቦ ንቡን ካልቀለበው፥ ክረምት ያስራበው ቀፎ በጥቅምት ወደ ኑጉ የሚልከው ሠራተኛ ያንሰዋል። ስለዚህ ከእርሻው ዳር አንድ ክንድ ያህል ለአደይ የተወ ገበሬ፥ ዘይቱ ሲጨመቅ የተወውን መሬት ኪራይ ያገኛል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሁን ስለ አዘራሩ። ስፍራው ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን። በዛፍ ጥላ ሥር የተዘራ አደይ ቀጥኖ ይረዝማል፥ አበባውም ይሳሳል። በባሕር ዳር አፈሩ በአንዳንዱ ግቢ ቀይ፥ በአንዳንዱም ጥቁር ዋልካ ነው። ቀዩ ይመቻል። በዋልካ ላይ ግን የሐምሌ ውኃ ስለሚተኛ ሥሩ እንዳይበሰብስ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ መሥራትና በዙሪያው ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል። መሬቱ በግንቦት ይቈፈር፥ ጓሉም ይከስከስ። ፍግ ማብዛት አይገባም፤ የሜዳ ልጅ ነውና ከመጠን በላይ ያበሉት እንደ ሆነ በቅጠል ይወፍራል፥ በአበባ ይሰንፋል፥ የሐይቁም ነፋስ ይጥለዋል።

ዘሩ ቀላል ስለ ሆነ ብቻውን ቢበትኑት አንድ ስፍራ ይከማቻል። ከደረቅ አሸዋ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ይሻላል። ጊዜው የሰኔ መባቻ፥ ዝናም መሬቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ካራሰው በኋላ ነው። ከላዩ ጥቂት የላመ አፈር ይነስነስበት፤ በጥልቅ የተቀበረ አይወጣም። ዶሮ ያለው ሰው ጥቂት እሾህ ይጣልበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘራ ሰው በመስመር ቢዘራው ይጠቀማል፤ ቡቃያውን ከአረሙ ለመለየት ሌላ ምልክት የለውምና። ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ መሆኑን አንድ ዓመት ያየ ግን በሁለተኛው አይሳሳትም። የሜዳ ዘር ደግሞ እንደ ጤፍ ሁሉም ባንድ ቀን አይበቅልም፤ አንዳንዱ ይዘገያል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ብቻ ያየ ሰው ተስፋ ቈርጦ መሬቱን መልሶ አይቈፍር።

ቡቃያው ጣት ሲያህል ከመካከሉ እየነቀሉ በአንድና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ይተውለታል። ይህ መንቀል ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ሕያው ነገር መጣል ነውና። ነገር ግን ተጨናንቆ ያደገ ሁሉ ይቀጭጫል። የተነቀለውም በጥንቃቄ ከነአፈሩ ቢነሣ በዝናም ቀን ለጎረቤት ግቢ ይተርፋል። በሐምሌ አጋማሽ ተክሉ እስከ ጕልበት ሲደርስ የመካከለኛውን ጫፍ ቢቀነጥቡት ቅርንጫፍ ያበዛል፤ በመስከረምም በአንድ ረዥም አገዳ ፈንታ እንደ ዘንቢል የተንሰራፋ አበባ ይሆናል። ውኃ ማጠጣት የሚያስፈልገው ዝናም ለብዙ ቀን ሲያቋርጥ ብቻ ነው። ከዚህ በቀር የሚጠይቀው ድካም አረሙን ሁለት ጊዜ ማንሣት ነው።

በዘጌ ደሴተ ገብ ምድር ያለውን ደን ያየ ሰው፥ ሰዎች በአንድ ሐሳብ ሲጸኑ ምን እንደሚቻል ይረዳል። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ ከገዳማቱ አባቶች በወጣ ሥርዓት በዚያ ስፍራ በማረሻ ማረስና የከብት መንጋ ማሰማራት ተከልክሎ ኖረ። በዙሪያው ያለው ምድር ሲራቈት ያ ደን ከቡናውና ከጌሾው ጋር እስከ ዛሬ ቆመ። አደይ አበባ ፀሐይ ስለሚሻ በዚያ ጥላ ውስጥ አይለመልምም፤ ሥርዓቱን ግን መበደር ይቻላል። አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ከግቢው ማዕዘን አንዱን ለይቶ፥ «እዚህ እስከ ኅዳር ድረስ ማጭድ አይገባም» ቢል ወጪ የለበትም። በእንግሊዝ አገር ኮርንፍላወር የሚባለው ሰማያዊ የስንዴ እርሻ አበባ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት በአረም መድኃኒትና በዘር ማጥራት ምክንያት ከእርሻው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዓይን ያልጠፋው ሰዎች በየአትክልት ቦታቸው ስለ ዘሩት ነው፤ አሁን በመንገድ ዳርም ሆን ብለው ይዘሩታል። የእንግሊዝ ሰው ይህን ያደረገው አበባው ብርቅ ከሆነ በኋላ ነው። የጣና ዳርቻ ሰው ግን ገና ሳይመሽበት መጀመር ይችላል።

ዘር አሰባሰቡ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ሰውም የሚስተው በዚህ ነው። በጥቅምት የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅና በጣት ሲነካ ሲበታተን ዘሩ ደርሷል ማለት ነው። ጤዛው ከተነሣ በኋላ፥ ረፋድ ላይ፥ ራሱን ብቻ እየቀጠፉ በሰፌድ ይሰበስቡታል። በጥላ ስፍራ ለጥቂት ቀን ያሰጡታል፤ ከዚያም አሽተው ገለባውን በነፋስ ያበሩታል። እርጥብ ሳለ የተቋጠረ ይሻግታል፤ በላስቲክ ከረጢት የታፈነም እንዲሁ። በወረቀት ወይም በደረቅ ቅል አድርጎ ከጭስና ከአይጥ ማራቅ ይገባል። ሁሉንም መሰብሰብ ግን አያስፈልግም፤ እኩሌታው በስፍራው ይርገፍ፥ ወፍም ድርሻዋን ታንሣ።

ይህ ሁሉ ከኅዳር 12 ቀን በፊት መደረግ አለበት። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቈሻሻውን በደጁ ያቃጥላል፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ከፈጀ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው፤ ለጤና ተብሎ የተጀመረም ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የደረቀው የአደይ አገዳ ለእሳት እጅግ የተመቸ ነው፤ ጠራጊውም ዘሩ በራሱ ላይ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ አገዳው ወደ እሳቱ ከመሄዱ በፊት በተዘራበት መደብ ላይ ይመታ፥ ይራገፍ፤ ባዶው አገዳ ከዚያ በኋላ ቢጨስ ግድ የለም። በቅል የተቀመጠው ዘር ደግሞ ለሚመጣው ሰኔ ከአንድ ግቢ ፍላጎት በላይ ነውና፥ ከእርሱ አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልሎ፥ ስሙንና የተለቀመበትን ወር ጽፎ፥ በመስከረም አደይ አበባ ከገበያ ለገዛችው ለዚያች ጎረቤት መላክ ነው።